የደፈንኳት ቀዳዳ

ወረቀቱ ሲቀደድ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። የደረቀ የበቆሎ ቅጠል ሲላጥ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ትልቁ ድምፅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቀኝ ጫፍ ያሉት የፒያኖው ቁልፎች ሰባት ስምንት ሆነው በአንዴ ወረዱና ሳሎኑን በጩኸት ሞሉት። እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ። ጩኸቱ ቀስ እያለ ከሰመ። ዞር ብዬ እማማን ለማየት ግን ድፍረት አጣሁ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ትንሽ ቀደም ብሎ ጥቅልሉን፣ ፒያኖውን ያለ ሰው እጅ የሚያጫውተውን የተበሳ ወረቀት፣ ወደ ኋላ ስመልሰው ቸኩያለሁ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ ቶሎ ልጨርስ ብያለሁ። ወረቀቱ ጠመም ብሎ ተጠቀለለ፤ ልብ አላልኩትም። እንደገና መጫወት ሲጀምር ጠርዙ ብረቱ ላይ ተያዘና ግማሽ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ተሰነጠቀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን ተመልሶ የሚለቀም እህል አልነበረም። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ወረቀት ነው። ያውም የሰው አባት ትቶት የሄደው።

ስለዚያ ጥቅልል ልጽፍ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። ሲጫወት ብቻ ብሰማው ኖሮ “ደስ የሚል አሮጌ ነገር አየሁ” ብዬ አልፈው ነበር። ዕረፍት የነሳኝ ከተቀደደ በኋላ ያየሁት ነገር ነው።

እንደ ልብስ ስፌት መኪና

ቅዳሜና እሁድ ባልቲሞር ውስጥ ሆም ኬር እሠራለሁ። የምረዳቸው ሴት የ91 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እዚያው ባልቲሞር ተወልደው እዚያው አርጅተዋል። ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙት የከተማው የጡብ ቤቶች አንዱ ነው፤ ደጁ ላይ ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ አለው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በልቤ እማማ እላቸው ነበር። አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝና ጮክ ብዬ ጠራኋቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ስጠራቸው ደስ አይላቸውም።

ሳሎን ያለውን ፒያኖ ለወራት ተራ ፒያኖ አድርጌ ነበር የማየው። ከላዩ የልጅ ልጆች ፎቶ ተደርድሮበታል። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ “መሀሉን ክፈቺው” አሉኝ። ሁለት ትንንሽ ተንሸራታች በሮች አሉት። ከኋላቸው አግድም የተኛ የናስ ዘንግ ታየኝ። ዘንጉ ላይ 88 ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ቀዳዳ።

አሠራሩን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። አየር እየተነፋ የሚጫወት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከታች ያሉት ሁለት ፔዳሎች ሲረገጡ ወናፍ ያንቀሳቅሳሉ። የአንጥረኛ ወናፍ ይነፋል፤ ይሄኛው ይስባል። የተበሳው ወረቀት በናሱ ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የወረቀቱ ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ሾልኮ ይገባል። ያቺ ትንሽ አየር በቱቦ ሄዳ ቫልቭ ታነሳለች። ሌላ ትንሽዬ ወናፍ ትጨፈለቃለች። መዶሻው ክሩን ይመታል። ቀዳዳ ካለ ድምፅ አለ፤ ወረቀት ካለ ዝምታ። ወረቀቱ ሲቀደድ ፒያኖው የጮኸውም ለዚህ ነው። ለማሽኑ ስንጥቁም ቀዳዳ ነው።

እማማ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ሣጥን አስወጡኝ። ረጅምና ጠባብ ነው፤ ጧፍ የሚቀመጥበት ይመስላል። ጫፉ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግማሹ ተልጧል። የዘፈኑ ስም ይነበባል፦ ሴንት ሉዊስ ብሉዝ። ከሥሩ “ተጫዋች” ይላል። ስሙ ግን ከልጣጩ ጋር ሄዷል። የጥቅልሉ የራሱ መጀመሪያም አርጅቶ ስለነበር የእማማ አባት ቆርጠው በሌላ ወረቀት ቀጥለውታል። በዚያ ቅጥያ ላይ በእርሳስ ፍጥነቱን ጽፈዋል፤ 70። ያ ማለት ወረቀቱ በደቂቃ 7 ጫማ ይሄዳል ማለት ነው። ኋላ ደግሞ 70ን ሰርዘው 50 ብለዋል። የተጫዋቹን ስም ግን አልጻፉም። ሁሌም የሚያስታውሱት ስም ስለሆነ መጻፉ አላስፈለጋቸው ይሆናል።

አባታቸው ፒያኖውን የገዙት በ1930ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ያኔ ሰው ይህን ዕቃ ከቤቱ እያወጣ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከሚመረቱት ፒያኖዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ በጥቅልል የሚጫወቱ ነበሩ። ከዚያ ሬዲዮ መጣ። የሸክላውም ድምፅ ተሻሻለ። በ1929 ደግሞ ኢኮኖሚው ወደቀ። ሀብታም ቤት የነበረ ፒያኖ ለወደብ ሠራተኛ ኪስ የሚመች ዕቃ ሆነ። አባታቸው ከነጥቅልሎቹ በጋሪ አስጭነው አመጡት።

መጀመሪያ ስረግጠው አልወደድኩትም። እውነቱን ነው የምናገረው። ሰፈራችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይሰፋ የነበረ ልብስ ሰፊ ትዝ አለኝ። እግሬ እንደሱ እግር ይሄዳል፤ ፒያኖውም እንደሱ መኪና ይገሰግሳል። ድምፁ ሁሉ እኩል፣ ሁሉ ጠንካራ፣ ሁሉ ቸኳይ። ብሉዝ፣ ያ የጥቁር አሜሪካውያን የሐዘን ዘፈን፣ ይህ ከሆነ ሐዘኑ የት አለ አልኩ።

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። ገለጥ አደረጉና “ሁለቱን እግርሽን እኩል አትርገጪ” አሉኝ። “ጮክ እንዲል የምትፈልጊበት ቦታ ጠበቅ አድርጊ። ሌላውን ተይው፣ ራሱ ይሄዳል።” ከዚያ በጣታቸው ከቁልፎቹ በታች ያለችውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ አሳዩኝ። “አባቴ የጻፈው ጋ አምጪው።”

ወደ 50 አመጣሁት። ሸክላ ወይም ካሴት ስናዘገየው ድምፁ ይወፍራል፣ ይበላሻል። እዚህ አይበላሽም። ወረቀቱ ይዘገያል እንጂ ክሩ ያው ክር ነው። ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው አንድ በአንድ ሲወርዱ ማየት ጀመርኩ። ጣቴን ላያቸው ላይ አሳረፍኩ። ቁልፉ ከጣቴ ሥር ሲሸሽ አንድ ሰው እጄን ከሥር ይዞ የሚመራኝ መሰለኝ።

ይህን ያደረግኩት የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም። ታላቁ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ዋሽንግተን ውስጥ ወጣት ሳለ የፒያኖ ተጫዋቹን የጄምስ ፒ. ጆንሰንን “ካሮላይና ሻውት” የተማረው እንዲህ ነው። ጥቅልሉን አዘግይቶ፣ ጣቱን በሚወርዱት ቁልፎች ላይ እያሳረፈ። ያደገው ዛሬ እኛ ሐበሾች ቅዳሜ ማታ ጥብስ የምናዝበት ዩ ስትሪት አካባቢ ነው። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን የተቀበለው ሰውዬ የተማረው ከቀዳዳ ወረቀት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት እንዲህ በትክክል የገባልኝ ጊዜ የለም።

ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን

ከተቀደደ በኋላ እማማ አልተቆጡም። ዝም ነው ያሉት። ዝምታው ባሰብኝ። አዲስ ልግዛልዎት አልኳቸው። የዘፈኑ አዲስ ጥቅልል ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ኪው አር ኤስ የተባለው ኩባንያ ከ1900 ጀምሮ እስከ 2008 ማብቂያ ድረስ ጥቅልል መሥራቱን አላቋረጠም ነበር። እማማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “እሱን አባቴ አልረገጠውም” አሉ።

ስለዚህ መጠገን ነበረብኝ። በስኮች ቴፕ እንዳይደረግ አንብቤያለሁ። ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ይወጣል፣ አንዱን ዙር ከሌላው ያጣብቃል። አሮጌ ወረቀት ለሚጠግኑ ሰዎች የሚሸጥ ስስ ልጥፍ ገዛሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጥቅልሉን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መብራት አስጠጋሁ። የእሳቸውን የጋዜጣ ማንበቢያ አጉሊ መነጽር ተዋስኩ።

ልጥፉን ከለጠፉ በኋላ የሸፈናቸውን ቀዳዳዎች በምላጭ መልሶ መክፈት ያስፈልጋል። አለዚያ ድምፁ ይጠፋል። እያንዳንዱን ቀዳዳ በቅርብ ማየት የግድ ነው። ስንጥቁ የግጥሙንም ቃላት አቋርጦ ነበር። ግጥሙ በቀኝ ጠርዝ ላይ ታትሟል፤ ወረቀቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው። ቃሉን ገጠምኩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባሁ። የወረቀቱ ወርድ 11 ኢንች ተኩል አይሞላም። በአንዷ ኢንች ውስጥ 9 ቀዳዳ ይደረደራል። ግራው ወፍራም ድምፅ፣ ቀኙ ቀጭን። ረጅም ድምፅ እንደ አንድ ረጅም ስንጥቅ አልተበሳም፤ ወረቀቱ እንዳይሳሳ ትንንሽ ቀዳዳዎች እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው ነው የተበሱት።

እዚያ ላይ ነው ያየኋት። ዜማው ከፍ ብሎ በሚቆይበት ቦታ አንድ ቀዳዳ ብቻ አልነበረም። ሁለት ነበሩ፣ ተጎራባች። የግራዋ አጭር ናት። ቀድማ ትጀምርና ወዲያው ታልቃለች። የቀኟ በአንድ ረድፍ ዘግይታ ትነሳና ትቀጥላለች። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ሰው በአንዴ ሲገባ ትከሻ ለትከሻ እንደሚጋፋው ዓይነት። የማተሚያ ስህተት መሰለኝ። ወረቀቱን ወደ ላይ ሳብኩ። ሌላ አለ። እንደገና ሳብኩ። ሌላ።

ተነሥቼ ሳሎን ሄድኩ። እማማ እንዳይነቁ ቀስ ብዬ ሁለቱን ተጎራባች ቁልፎች፣ ጥቁሩንና ነጩን፣ እንደ ወረቀቱ ነካኋቸው። ጥቁሩን መጀመሪያ፣ ነጩን ከኋላው ሳይዘገይ። አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራተተ። ፒያኖ መንሸራተት አይችልም። ያን ጊዜ ግን የተንሸራተተ መሰለ።

ሙዚቀኞች ከሰጡኝ ማብራሪያ ሁሉ በላይ ብሉዝን ያስረዳችኝ ያቺ ጥንድ ቀዳዳ ናት። የዘፈኑ ደራሲ ደብልዩ. ሲ. ሃንዲ ነው። በ1873 አላባማ ውስጥ ተወልዶ፣ ኖታ ተምሮ፣ ባንድ ይመራ የነበረ ሰው። በ1903 ገደማ ሚሲሲፒ ውስጥ ተትዋይለር በምትባል ጣቢያ የዘገየ ባቡር ሲጠብቅ አንድ ሰው አጠገቡ ጊታር ሲጫወት ሰማ። ሰውየው ክሩን የሚጫነው በጣቱ ሳይሆን በቢላ ነበር። ቢላው ክሩ ላይ ሲንሸራተት ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጎተታል፤ መሀል ላይ ይቆማል፤ ኖታ በሌለበት ቦታ ያለቅሳል። ሃንዲ ያን ድምፅ አልረሳውም። በ1914 ይህን ዘፈን ሲያሳትም ግን በእጁ ያለው የኖታ ወረቀት ነው። ኖታ ላይ የመሀሉ ድምፅ ቦታ የለውም። ስለዚህ የቅኝቱን ሦስተኛ ድምፅ አንድ ጊዜ ዝቅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በቦታዋ እያደረገ ጻፋት። ፒያኖ ተጫዋቹም በተራው ሁለት ጎረቤት ቁልፎችን አጋፍቶ የመሀሉን ሊያሰማ ሞከረ። ጥቅልሉን የሚበሳው ሰው ደግሞ ያንን ግፊያ ሁለት ቀዳዳ አደረገው። የቢላው ድምፅ እዚህ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የደረሰው እንዲህ እየተቀባበለ ነው።

እኛ አገር “ብሉዝ የነሱ ትዝታ ነው” ማለት ይወደዳል። እኔም ብያለሁ፤ አሁን ግን አልልም። ስለ ሁለቱም ምንም አይነግረንም። ይልቅ ሁለቱን ትዝታዎች ጎን ለጎን እንያቸው። ትዝታ ሜጀርን ወደ ትዝታ ማይነር ስንወስድ ዝቅ ከሚሉት ሁለት ድምፆች አንዷ ሦስተኛዋ ናት። እኛ አንዱን እንመርጣለን። ዘፋኙ ወይ በዚህ ወይ በዚያ ቅኝት ይገባል፤ ስሜቱም እንደ ገባበት ይሆናል። ብሉዝ አይመርጥም። ያቺን ሦስተኛ ድምፅ ዝቅ ያለችውንም ያላለችውንም በአንድ ትንፋሽ ይፈልጋታል። ማሲንቆ ቢሆን ችግር የለም፣ ጣት ክሩ ላይ ይንሸራተታል። ፒያኖ ላይ ግን ለዚህ ፍላጎት ቁልፍ አልተሠራለትም። ስለዚህ ሁለቱን ማጋፋት የግድ ሆነ። ሐዘኑ የት አለ ብዬ ነበር። እዚያ ነበር፣ በሁለቱ ግፊያ ውስጥ። እኔ በፍጥነት 70 ስለረገጥኩት አላየሁትም።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ እንዲህ ያሉ ጥቅልሎች አንድ ክርክር ዳኝቷል። አንድ የሙዚቃ አሳታሚ “አፖሎ የተባለው ኩባንያ ዘፈኖቼን ሳይከፍል በጥቅልል ሸጠብኝ” ብሎ ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለአፖሎ ፈረደ። ጥቅልል ሰው በዓይኑ የሚያነበው ስላልሆነ የሙዚቃው ቅጂ ሊባል አይችልም፣ የማሽኑ አካል ነው አለ። በዓመቱ፣ በ1909፣ ሕጉ ተቀየረና ለእያንዳንዱ ጥቅልል 2 ሴንት ይከፈል ተባለ። ክፍያው ተስተካከለ። “ዓይን አያነበውም” የሚለው ግን አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ዳኞቹ የብሉዝ ጥቅልል ተቀዶባቸው ምላጭና አጉሊ መነጽር ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ ምን ይሉ ነበር? እኔ ኖታ ማንበብ አልችልም። ያን ቀን ግን አነበብኩ።

እጅ ወይስ እርሳስ

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ማታ ባቡር ውስጥ ሆኜ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ያቺን ጥንድ ቀዳዳ ያደረጋት ማን ነው? በርግጥ የሰው ጣት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጥቅልሎች ላይ “በእጅ የተጫወተ” ይላል። በ1912 ሜልቪል ክላርክ ፒያኖ ተጫዋቹ ሲጫወት እያንዳንዱን ቁልፍ በሚንቀሳቀስ ወረቀት ላይ መስመር አድርጎ የሚያሰምር ማሽን ሠርቷል። መስመሩ ኋላ ይበሳል። እስከዚህ ድረስ የተጫዋቹ ነው። ከዚያ ግን አርታኢ ይቀመጣል። የተሳሳተውን ይደፍናል። የዘገየውን ወደ ምቱ ያስጠጋል። እንዲያምር ተጨማሪ ድምፅ ይጨምራል። እኔው በጠገንኩት ወረቀት ላይ አንድ ቦታ አሥራ ሦስት ቀዳዳ በአንድ ረድፍ አይቻለሁ። አሥር ጣት ያለው ሰው ያንን አይመታም። ጭራሽ ፒያኖ ፊት ሳይቀመጡ በእርሳስና በመብሻ ብቻ የተሠሩ ጥቅልሎችም ሞልተዋል። ጄ. ሎውረንስ ኩክ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በፖስታ ቤት እየሠራ ለኪው አር ኤስ በሺ የሚቆጠሩ ጥቅልሎችን አዘጋጅቷል፤ የታላላቆቹን ተጫዋቾች አጨዋወት እየተከተለ ራሱ የሚበሳበት ጊዜም ነበር።

ታዲያ ያ ጣቴን የመራኝ እጅ እጅ ነበር ወይስ የቢሮ ሰው እርሳስ? ይህ ጥያቄ ለምን እንዲህ እንደከበደኝ እኔም አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አስቤዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። ማሽኑ ወረቀቱን የሚበሳው በእኩል ርቀት፣ ረድፍ በረድፍ ነው። አንዷ ቀዳዳ ከሌላዋ በስንት ረድፍ እንደምትቀድም መቁጠር ይቻላል። አርታኢ የጨመራት ከሆነች ሁሌም እኩል ትሆናለች ብዬ ገመትኩ። ጣት ከሆነ ይለያያል።

23 ጥንድ አገኘሁ። በ14ቱ ግራዋ በአንድ ረድፍ ትቀድማለች። በ6ቱ በሁለት። በ3ቱ እኩል ይነሳሉ። ደጋግሜ ቆጠርኩ። እነዚያ ሦስቱ ሁሉም ዘፈኑ ማብቂያ አካባቢ ናቸው። እጁ የደከመ፣ ወይም የጋለ ሰው ይመስላል። ወይም ደግሞ እንደዚያ እንዲመስል የፈለገ አርታኢ። አርታኢው ራሱ በልጅነቱ ብሉዝ ሲሰማ ያደገ ከሆነ እኩል የሆነ ነገር ጆሮው አይቀበለውም።

እዚህ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ አልረዳኝም። አንድ ነገር ግን ተለወጠብኝ። ጥያቄውን ስጠይቅ አንድ እጅ ብቻ ፍለጋ ነበር የሄድኩት። ተራ ጥቅልል ደግሞ የጣቱን ጉልበት አይመዘግብም። መቼ እንደነካ እንጂ ምን ያህል ጠንክሮ እንደመታ ወረቀቱ ላይ የለም። ዌልተ፣ አምፒኮ፣ ዱዎ አርት የሚባሉት ውድ ፒያኖዎች ጉልበቱንም ይመዘግቡ ነበር፤ እነሱ ግን የባለጸጋ ቤት ዕቃ ናቸው። ብሉዝ በብዛት የወጣው በተራው ጥቅልል ነው። ስለዚህ ግማሹ ሙዚቃ ለሚረግጠው ሰው የተተወ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ 70ን ሰርዞ 50 ያለ አባት ነበረ። ከፋብሪካው የመጣው ነገር አልበቃውም፤ አዘገየው፤ የሚጠብቅበትንና የሚለቅበትን ቦታ በእግሩ አወቀ። ያንን ለልጁ አስተማረ። እሷም አርጅታ ለእኔ “ሁለቱን እግርሽን እኩል አትርገጪ” አለችኝ። እንዲህ ስጽፍ አንቱታውን የተውኩት ሆን ብዬ ነው። ያን ቃል ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ያየሁት ፔዳሉ ላይ እግሯ የማይደርስ ልጅ ስለነበረች ነው።

የተጫዋቹ ስም ቢገኝ ደስ ይለኛል። አሁንም እፈልጋለሁ። የተላጠውን ሣጥን በብርሃን አዟዙሬ አይቻለሁ፣ የፊደል ጥላ እንኳ የለም። ስሙ የጠፋ ሰው ስሙ ሊመለስለት ይገባል። በዚያ ዘመን በጥቅልልና በሸክላ ላይ የተጫወቱ ስንት ጥቁር ሙዚቀኞች የአንድ ጊዜ ክፍያቸውን ተቀብለው ወጥተዋል። የባልቲሞሩን ዩቢ ብሌክን የመሰሉ ስማቸው የቀረላቸው ጥቂቶች ናቸው።

ተይው

ጥገናው ሲያልቅ እማማን ሳሎን አስቀመጥኳቸው። ትከሻቸው ላይ ጋቢ ጣል አደረግኩ፤ ገና ላይ እኔ ያመጣሁላቸው ነው። ጥቅልሉን ገጠምኩ። ጠርዙ ቀጥ ማለቱን ሁለት ጊዜ አየሁ። መቆጣጠሪያዋን 50 ላይ አደረግኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፒያኖው ጀመረ። ቀዳዳዎቹ በናሱ ላይ ሲወርዱ አሁን የማውቃቸው ሰዎች ሲመጡ እንደማየት ነበር። ያቻትና አንዷ ጥንድ፣ ያቻትና ሌላዋ። በየመምጫቸው እግሬን ጠበቅ አደረግኩ። እማማ በጣታቸው የወንበሩን ክንድ ይመቱ ነበር።

የለጠፍኩበት ቦታ ደረሰ። ነጩ ልጥፍ ከላይ ብቅ አለ፣ ወረደ፣ ዘንጉ ላይ ደረሰ። አልጮኸም። ደስ አለኝ። በዚያው ቅጽበት ግን የሆነ ነገር ጎደለ። ዝቅ ያለችው ጥቁሯ ድምፅ አጭር ነክታ ሄደች፤ ተከትላት የምትመጣው ግን አልመጣችም። ከጥንዷ አንዷን በምላጭ መክፈት ረስቻለሁ። ከ23ቱ ሁሉ ስቆጥር ከርሜ አንዷን በገዛ እጄ ደፍኛታለሁ።

ድምፅ ሊኖር በሚገባው ቦታ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ዝምታ ውስጥ የእማማ ድምፅ ወጣ። ቃል የለውም፣ እንጉርጉሮ ነው። ጥቁሯ ቁልፍ ካቆመችበት ተነሱ። ወደ ነጯ ሄዱ፣ ግን አልደረሱባትም። መሀል ላይ ቆዩ። ጉሮሯቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ፒያኖው ቀጠለ፣ እሳቸውም ዝም አሉ።

ሲያልቅ ምላጩን አመጣሁ። “እማማ፣ አንዷን ደፍኛታለሁ። አሁኑኑ ልክፈታት” አልኳቸው።

“የቷን?” አሉኝ።

ወረቀቱን መልሼ አሳየኋቸው። አጉሊ መነጽሩን አስጠግተው ልጥፉ ሥር የተኛችውን ቀዳዳ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ጣታቸውን አሳረፉባት።

“ተይው” አሉ። “እንደገና አጫውቺው።”

ምላጩን አስቀመጥኩ። ጥቅልሉን ወደ ኋላ መመለስ ጀመርኩ። በዝግታ፣ ጠርዙን በእጄ እየደገፍኩ።